አሥራ አራት ፌርማታ

ኅዳር ነው፣ ጎተንበርግ፤ በዘጠኝ ሰዓት ጨልሟል፤
ዝናቡ መስኮቱ ላይ ያንኑ መስመር ይጽፋል።
እኔም እንደ ዝናቡ ነኝ፤
የጻፍሁትን መልሼ እጽፋለሁ፣ ማን ከልክሎኝ።

የተሰጠኝ ሥራ ቀላል፦ ለትራሙ ሰሌዳ
ስንት ደቂቃ እንደቀረ መንገር ለቆመው እንግዳ።
አንዱን ፌርማታ ጻፍሁት፤ ሠራ፤ ደስ አለኝ።
ቀድቼ ለሁለተኛው ለጠፍሁት፤ እሱም ሠራልኝ።
ሦስተኛው፣ አራተኛው፣
እስከ አሥራ አራት።
«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ በዚያ ምሽት
መልአኩ አልመጣም ነበር፤ ስማቸው ሀ አንድ፣ ሀ ሁለት።

ሁለት መቶ ሠላሳ መስመር! ኮራሁ ቆጥሬ ብዛቱን፤
ማን ሰነፍ ብሎ ያማኛል፣ አልሁ፣ አይቶ ርዝመቱን።

ማክሰኞ ስሌቱ ሳተ፤ ስህተቱ ሁሉም ዘንድ አለ፤
አሥራ ሦስቱን አረምሁ፤ ዓይኔ ግን በመጨረሻው ዛለ።
ወንዝ ማዶ አንድ ሽማግሌ ከነውሻው፣ ሰሌዳው «መጣ» ቢለው፣
የሄደ ትራም ሲጠብቅ ዝናቡ አበሰበሰው።
ደብዳቤ ጻፈ፤ በብዕር፤ በትሕትና የተመላ፤
አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው ጉኒላ።

ጡረታዋ የቀረበ፣ ቁጣ የማያውቃት ሴት፤
መስመሮቼን በጣቷ ወረደች፣ ከላይ እስከ ታች፣ በትዕግሥት።
ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ከአሥራ አራቱ እውነቱ
የቱ ነው?» አለችኝ።
ዝም አልሁ። የማሞቂያው ቱቦ ብቻ አጉረመረመ በቤቱ።

ትዝ አለኝ የአጎቴ ድጓ፤ ከቃሉ አናት የሰፈሩ፣
እንደ ጉንዳን የተሰለፉ ደቃቅ ፊደላት ነበሩ።
ዜማውን ሙሉ አይጽፉም፤ ስሙን ብቻ ይጠሩታል፤
አንድ ጊዜ የተጠና ነው፤ ሲጠሩት አቤት ይላል።
(ዜማ በየመስመሩ ሙሉ እንዲሰፍር ቢወሰን፣
ለብራና ባለቀ ነበር የጎጃም ፍየል ወገን።)

ስለዚህ ስም አወጣን። «የቀረው ደቂቃ» አልነው።
ፌርማታ ሲሰጡት ደቂቃ ይመልሳል፤ ሥራው ይኸው ነው።
«ማሽኑስ ሁሉን ያነባል፤ አይደክመው፣ አይሰለቸው፤
ለነገው ሰው ጻፍ፤» አለችኝ፣
«ምናልባት አንተው ነህ፣ ሌሊት እንቅልፍ ያጣኸው።»

ከዚያ መሰረዝ መጣ። ማን ይወዳል የለፋበትን ማጥፋት?
ሁለት መቶ ሠላሳው መስመር አሥራ ዘጠኝ ሆኖ ሲቀር፣ ጥቂት
ከፋኝ፤ አልዋሽም። ጠጉሩን እንደተላጨ ሰው ሆንሁ፤
ቀለለኝ፤ በረደኝም፤
አናቴን ዳበስሁ።

ማታ ወንዙን ተሻግሬ መጨረሻው ፌርማታ ወረድሁ፤
«ሦስት ደቂቃ» ይላል ሰሌዳው፤ ካፖርቴን ቆልፌ ቆጠርሁ።
ትራሙ በአራተኛው መጣ። ሳቄ አመለጠኝ በጨለማ፤
ነገ የምነካው አንድ ቦታ ነው፤
አንድ ዜማ።