በርዶሃል?

ጥር ነው፣ ደብረ ብርሃን፣ አዳራሹ ማታ፣
ወንበሩ ብረት ነው፣ ማንም ጋቢ አልፈታ፤
ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ከፈረቃ ወጥተው
የሱፍ ብናኝ እንደ ቆብ ጸጉራቸው ላይ ደፍተው
መጡ፣ ተቀመጡ።

ጄኔሬተሩ አስሎ መጋረጃው ነጣ፣
የጣርማበር ጉም ነው አስቀድሞ የመጣ።
«አውቶብሳችን!» አለ አንዱ ታርጋውን እያወቀ፣
ሹፌሩም እዚያው ነበር፣ አብሮ አብሮ ሳቀ።

ቀጥሎ አሰገደች።
አርባ ዓመት በፊልም ንግሥት የነበረች፣
ሌባም፣ ሙሽራም፣ ዳኛም፣
የአክስቴን ነጠላ ተውሳ ደጅ ቆመች።
«ጫፉን ተርትረውታል» አለች አክስቴ አጠገቤ።

ቀረጻው ላይ ነበርኩ፤ ዣንጥላ እይዝ ነበር፣
ለሷ ብቻ ጥላ፣ በቀን መቶ ብር።
ልጇ በሠላሳ ዓመቱ ተመልሶ ሲመጣ
ትለው ዘንድ የተጻፈ ሁለት ገጽ ቁጣ፦
አባትህን ማን ቀበረ? መሬቱን ማን አረሰ?
ማን ነው ያን ሁሉ ክረምት ጣራዬን ያለበሰ?
ደብረ ሲና፣ የሆቴሉ ግድግዳ ስስ ነበር፤
ሌሊቱን ስትለው ሰማሁ፣ አንዲት ቃል ሳትቀር።

ካሜራው ዞረላት። ልጁ ፊቷ ቆመ።
ጠፋባት። አየሁት፤ ከንፈሯ ደከመ።
ጉሙ መጥቶ ገባ በሁለቱ መሃል፣
እጁን ዳሰሰችና፣ ቀስ ብላ፣ «በርዶሃል?»

«ቁረጥ» የሚል ጠፋ።
ዣንጥላዬን ነፋስ ነጥቆ ገደል ሰደደው።

እሷ መኪና ውስጥ ገብታ አለቀሰች፣
«ረሳሁት እኮ፣ ድገሙልኝ» እያለች።
አልደገሙላትም።
በኅዳር አረፈች።

ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ያቺ ቃል ስትወጣ፣
ከፊት ወንበር አንድ ሰው፣ ከፈረቃ የመጣ፣
ማንም ሳይጠይቀው
«አዎ፣ እትዬ» አላት።