ገጽ መቶ አርባ

ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ፣ ከላስቲኩ ጥላ ሥር፣
አነሣሁ አንድ መጽሐፍ፣ ዝናብ የነካው ዳር ዳር።
ሽፋኑ ላይ ኢንጂነር ዘውገ፣ ውሃና ፍሳሽ ያረጁት፣
ቆመዋል ከፓምፑ አጠገብ፣ በሙሉ ልብስ በከረባት።

«ቧንቧው የፈነዳ ሌሊት፣ ለገሃር በውሃ ሲሞላ፣
ብቻዬን ወርጄ ዘጋሁት» ይላሉ፤ አይጠሩም ሌላ።

ኅዳጉ ላይ ግን በእርሳስ፣ በተንጋደደ ፊደል፦
«ባትሪውን ማን ያዘ ጌታዬ? እኔ ተካልኝ አይደል?»
ከሥሩ ሌላ አንባቢ፣ በሰማያዊ ብዕር፦
«ታዲያ አንተስ፣ መጽሐፍ አትጽፍም ነበር?»

«ተሞነጫጭሯል፣ ቀንስ» አልኩት፤
ሻጩን ገረመው፣
ገልጦ አየና፦ «እንዲያውም ጨምሪ፤
ይሄ የሦስት ሰው ነው።»

ከፈልኩ።
ታክሲ ስጠብቅ ስታዲየም፣
ምስጋናው ገጽ ላይ ተካልኝን ፈለግሁ፤
የለም።