ይገባኛል

ሥራዬ ትርጉም ነው፣ ሐዋሳ፣ ችሎት ውስጥ፣
በሁለት ቋንቋ መሀል ምዬ መቀመጥ፤
የአንዱን አፍ ለሌላው ጆሮ ማድረስ፣
ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣
ሆዴ ቢባባ እንኳ ድምፄን ሳላለሰልስ።

ማክሰኞ፣ ረፋድ ላይ፣ መዝገቡ ተጠራ።
ከሳሽ ወይንሸት ዳልጌ፤ የተባረረች ከሥራ፤
ከፓርኩ፣ ከመስመር ዐሥራ አራት፣ የሸሚዝ ኮሌታ ገጣሚ።
‹‹ሳሮ›› አለች ዝቅ ብላ፤ ከእኔ በቀር አልነበረም ሰሚ።

የድርጅቱ ጠበቃ ከረባቱን ነካ፣
አምስት ጣት ዘረጋ፣ ቀኖቹን ለካ፦
‹‹ሰኞ የለችም፤ ማክሰኞ የለችም፤ እስከ ዓርብ የለችም፤
ፈቃድ አልጠየቀች፣ የሐኪም ወረቀት አላመጣችም፤
እኛ አላባረርናትም፣ ክቡር ፍርድ ቤት፤
ሕጉ ነው ቆጥሮ ያሰናበታት።››

እሷም በራሷ አፍ ቀጠለች፤ እኔም ተከተልኩ፣
አንድ ርምጃ ከኋላ፣ እንዳለችው አልኩ፦
‹‹ዳቶ ነው ቤታችን፤ ቆርቆሮ፤ አንድ ክፍል ለሁለት።
ዘነበች ምጥ ያዛት፣ ሰው የላትም፣ ሌሊት፤
የልጁ አባት ስልኩን ዘግቷል ካወቀ ለት።
ልጁን በእጄ ተቀበልኩ፤ ጨርቁን አጠብኩ፤ አጥሚት አፈላሁ፤
ደሟ እስኪቆም ጠበቅኩ፤ ቅዳሜ ጠዋት ፋብሪካ መጣሁ።››

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤
‹‹ፈቃድ ለዘመድ ነው የሚሰጠው፤ ይላል አንቀጹ በዝርዝሩ።
እህትሽ ናት? የአክስትሽ ልጅ? ይቺ ሴት ምንሽ ናት?››
‹‹ምንሽ ናት?›› አልኩ በወላይትኛ፤ ማራገቢያው ዞረ፤ ቆየችበት።

‹‹እኔ ቀን ፋብሪካ፣ እሷ ሌሊት ዳቦ ቤት፤ አልጋችን አንድ ነው።
ማታ ስገባ፣ ትራሱን ሞቆ ነው የማገኘው።››

‹‹ትራስ?›› አለች መዝጋቢዋ፣ ጣቷን ከቁልፉ አንሥታ።
‹‹ትራስ›› አልኩ። ጠበቃው ሣቀ፣ ለአፍታ።

ዳኛዋ ጠየቁ፦ ‹‹የተከሳሽ መልስ፣ አሁን ገብቶሻል?››
አፌን ሳልከፍት፣ በአማርኛ፣ ‹‹ይገባኛል››
አለች።
ምን አለች? ተረዳሁ አለች፣
ወይስ የእኔ ነው፣ ስጡኝ አለች?
መዝጋቢዋ ‹‹ተረድታለች›› ብላ ተየበች።
እኔም ዝም አልኩ። መሐላዬ እስከዚያ ነው፣ አይሻገርም፤
ለአማርኛና ለአማርኛ አስተርጓሚ አይቆምም።

ውሳኔው በሦስተኛው ቀጠሮ ተነበበ፣
የሰኔ ዝናብ ጣሪያውን እየደበደበ።
ረታች።
የስንብት ደብዳቤው፣ ቀኑ ሲታይ፣ ሐሙስ ነው የተጻፈ፤
ዓርብ ገና ባልነጋ፣ አምስቱ ባላለፈ።
ካሳ ይከፈላት፤ የማስጠንቀቂያም፤ ወደ ሥራ መመለስ አልተፈቀደም፤
ይግባኝ በሠላሳ ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ የለም።
መዝገቡ ተዘግቷል።
ስድስቱን ገጽ አገላበጥኩ፣ በቀስታ፣ ከዳር እስከ ዳር፤
ስለ ዘነበች የለም። ስለ ትራሱ የለም ነገር።
የረታላት ሐሙስ ነበር።

ከበሩ ውጪ፣ ባጃጆቹ በቆሙበት ጥላ፣
ዘነበች ጠብቃለች ሕፃኑን አዝላ።
አወሩ። ሁሉም ገባኝ። ሌላ አልጋ እንግዛ አለች አንዷ፤
‹‹ለምን?›› አለቻት ዘነበች፣ ልጁን አሸጋሽጋ በጎኗ።
ተርጉም ያለኝ የለም።
ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ፣ ኩሬውን እየዘለሉ ሄዱ።

ለቃል ሁሉ ፍቺ አለኝ። ለራሴም አንድ ፍቺ አለኝ፣
ከሰባተኛው ችሎት፣ ባለማኅተም፣ መሳቢያ ውስጥ ያለ ወረቀት፤
እኔና እሷ አንድ ቋንቋ ነበረን፣ አስተርጓሚ ያልጠራንበት።
ያን ማታ ቤቴ ገብቼ፣ መብራቱን ሳላበራ፣
ከግድግዳው ጥግ ያለውን ትራስ
በእጄ ጀርባ ነካሁት።