የእጀታው ልክ

ጥር ሲጋመስ ይብሳል ነገሩ፤
የግቢያችን ጃካራንዳ፣ ከአሮጌው በር፣ ከድንበሩ፣
ሌሊት ሌሊት ቅጠሉን ይዘራል፤
ቆርቆሮው፣ ባልዲው፣ በረንዳ ላይ የተረሳ ጫማ ሳይቀር
ቢጫ ለብሶ ያድራል።
ትልቅ ቅጠል ቢሆን እኮ ደግ ነበር፤ እንደ ዋንዛ፣
በእጅ የሚታፈስ፣ የሚገዛ።
ይሄ ግን ደቃቅ ነው፣ የጤፍ እብቅ የሚያክል፣
ከጣት አምልጦ በድንጋዩ ስንጥቅ ራሱን የሚተክል።

ሠራተኛ ሰፈር፣ አምስት ቤተሰብ ነን፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣
አንድ ጋሽ እንደሻው፣ ቀን ጠራጊ፣ ማታ በር ላይ አዳሪ።
መጥረጊያቸው ከእድሜያቸው ጋር አልቆ፣
ጭራው ተመልጦ፣ ገመዱ ላልቶ፣ እንጨቱ ደቆ፣
እሁድ ተሰበሰብን፤ መዋጮ ይዋጣ ተባለ፤
ገንዘቡ ተገኘ፤ ሐሳቡ ግን ወዲህ ወዲያ ዋለለ።

“ማሽን ይገዛ” አለ አቶ ሚሊዮን፣ “በባትሪ የሚሠራ፣
እፍ ብሎ የሚያባርር፤ ምን አለን ከመጥረጊያ ጋራ?”
“እፍ ብሎ ወዴት?” አሉት ወይዘሮ አልጋነሽ፤
“ወደ እኔ ደጃፍ ነዋ! ኋላ፣ አልጋነሽ ሆይ፣ ጠራጊዋ አንቺ ነሽ!”
አንዱ ሬክ አለ፣ ጥርሳሙን፤ አንዱ መንሽ፣ እንደ አገሩ፤
አንዱ ክብሪት ቢል፣ የመብራቱን ሽቦ እያሳዩ አስፈራሩ።
ጋሽ እንደሻውን ማንም አልጠየቃቸው፤
ቧንቧው ሥር ቅጠል ይለቅማሉ፣ እንደ ልማዳቸው።

ቅዳሜ ጧት ከፒያሳ በታክሲ ተጉዤ፣
ምናለሽ ተራ ወረድኩ፣ ብሩን በመሐረብ ጫፍ ቋጥሬ ይዤ።
በርሜሉ ምድጃ ይሆናል እዚያ፣ ጣሳው ኩራዝ፣
ሞቶ የነበረ ሁሉ ተነሥቶ በእጅ የሚያዝ።
መዶሻው ጆሮ ሲያደነቁር
ከሙዘይን ፊት ቆምኩ፤ ሽርጡ ጥቁር፣ ክንዱ ጥቁር።

“ሬክ ስጠኝ” አልኩ። “ቅጠሉ የምን ነው?” አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።
“የጃካራንዳ።” “እሱማ ከሬክ ጥርስ ይሾልካል፤ ትርፉ ልፋት፣ ትግል።”
ከአሮጌ አልጋ ሞላ የተቀጠቀጠ አንድ ነገር አወጣ፣
ጣቶቹ የቀጠኑ፣ የተጠጋጉ፣
እንደ ወፍ ክንፍ የተዘረጉ።
“ይሄ ለደረቁ ነው። ክረምት ገብቶ ሲረጥብ፣ ሲጣበቅ፣
ወደ ጭራው ተመለሺ፤ ብረቱም ይረፍ፣ አፈሩም ይጠበቅ።”
ወደድኩት። ብሩን ከመሐረቡ ስፈታ
ረጅም እንጨት ጉልበቱ ላይ አጋደመ፣ ለእጀታ፣
መጋዙን አነሣና፣
“የት ጋ ልቁረጠው?
የሚጠርገው ሰው ቁመቱ ስንት ነው?”

ዝም።

ስድስት ዓመት ሙሉ “እንደምን አደሩ” ያልኩት ለጀርባቸው፣
ሁሌ ከወገብ ታጥፈው፣ ያቺ አጭር መጥረጊያ ይዛቸው።
ኮታቸውን አውቃለሁ፤ የአንገቱን ልጥፍ፣ የክሩን ቀለም፤
ሳላቸውን በግድግዳ እለየዋለሁ። ቁመታቸው ግን የለም፣
አላውቀውም።
እጄን አየር ላይ ሰቀልኩ፣ ዝቅ አደረግኩ፣ አፈርኩ።
“ሳይቆረጥ ውሰጂው” አለ፤ “መጋዝ ከጎረቤት አይጠፋም።” ከፈልኩ።

ታክሲ ውስጥ እንጨቱ አልገባ አለ፤ ወያላው “የሁለት ሰው” ቢለኝ፣
ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት፣ ትከሻዬ ላይ ሰቅዬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ።

በሩን ከፈቱልኝ። “ይቁሙልኝማ” አልኩ፣ “እጀታውን ልለካ።”
አልገባቸውም። ወገባቸውን በሁለት እጅ ይዘው፣
ቀስ በቀስ፣ ቀና ሲሉ፣ ለካ
ከእኔ ይረዝማሉ። ከአቶ ሚሊዮንም። የታችኛው ቅርንጫፍ ኮፍያቸውን ነካ።
እንጨቱን አቁመው ከአገጫቸው ጋር አስተያዩት፤
“ከዚህስ አይቆረጥም” አሉ። “እንዲሁ ተዪት።”

በማግስቱ የሰማሁት ድምፅ ሌላ ነው፤ ሸርተት… ሸርተት… ረጅም እርምጃ፤
ቅጠሉ ተቆልሏል አጥሩ ሥር፣ ለወይዘሮ አልጋነሽ ጎመን መደብ ማበጃ።
አቶ ሚሊዮን ብቻ፣ በመስኮት፣ እንቅልፍ ከዓይኑ ሳይለቅ፣
“ማነው ያ ረጅሙ ሰውዬ?” ይለኛል፤ “ማን አስገባው፣ ሳይጠይቅ?”