የአግዳሚው ወንበር ስም

በራምስጌት ወደብ፣ ከመዝጋቢዎች ቤት፣
ሁለት መዝገብ አለኝ፤ በቀኜ ልደት፣ በግራዬ ሞት።
አንዱን ከፍቼ፣ አንዱን ዘግቼ፣
ሠላሳ ዓመት ኖርኩ፣ ስም ሲመጣ ስም ሲሄድ አይቼ።
ስም እንደ ባሕሩ ነው፤ ይሞላል፣ ይጎድላል፣
ዳር የጣለውን ዕቃ ተመልሶ ይወስዳል።

ሚልድረድን ልንገራችሁ።

ጥንት፣ የሳክሶን ነገሥታት ይቺን ምድር ሲገዙ፣
ሁለት ቃሎች ነበሩ፣ እንደ ገመድ የተያያዙ፤
አንዱ «የዋህ» ማለት ነው፣ አንዱ ደግሞ «ብርቱ»፣
እኔ እንጃ፣ በምን ተስማምተው አንድ ቤት እንደ ገቡ ሁለቱ።
የንጉሥ ዘር የሆነች ልጅ ተጠራችበት፤
ዓለምን ንቃ መነነች፣ እመ ምኔት አሏት።
የገዳሙ መሬት ሲለካ፣ ይላሉ የደብሩ ሰዎች፣
ገመድ አልተጣለም፤ አጋዘን ናት የሮጠች፣
እግሯ የረገጠው ሁሉ ለእናቲቱ ሆነ ርስት።
ዛሬ ጎመን በቅሎበታል፤ አውቶቡስ ያልፋል በየሰዓት።

ከዚያ ኖርማኖች መጡ፣ ዊልያምን ሮበርትን ጭነው፤
የአገሬው ስም ጓዳ የገባ፣ ፊቱን የሸፈነ ያኔ ነው።
ስንት መቶ ዓመት ተኛ። በዚህ ጠረፍ ብቻ፣ ገበሬ
ያዘው፣ ለዘር እንዳስቀመጠው፣ ነቀዝ እንዳልነካው ፍሬ።

ንግሥቲቱ ስታረጅ፣ ባቡር ጭሱን ሲነዛ፣
ሰዉ የጥንቱን ናፈቀ፤ የዛገ ሁሉ ወዛ።
ሚልድረድም ከመቃብር አቧራዋን አራግፋ ወጣች፣
በየደብሩ ገንዳ እንደ አዲስ ተጠመቀች።

አክስቴ የተወለደች ያን ጊዜ ነው፣ ከታላቁ ጦርነት ማግስት፤
አራት ሚልድረዶች በአንድ ክፍል፦ ረጅሟ፣ ሸውራራዋ፣
የዓሣ ነጋዴው ልጅ፣ እሷ አራተኛይት።
«መምህሯ ስሜን ስትጠራ» ትለኝ ነበር «አራት ወንበር ይንቀጠቀጣል፣
አንዳችን ስናጠፋ የአራታችንም መዳፍ ይቀላል።»

ኋላ ባሕሩ ጎደለ። ሱዛን መጣች፣ ሊንዳ መጣች፣
ሚልድረድ የእሳት ራት የበላው ሹራብ ሆና ቀረች።
ቀልደኛ ሁሉ ለአማት ስም ሲያጣ እሷን ጠራት፤
እኔም በቀኙ መዝገብ አንድ ቀን አላገኘኋት።
በግራው ግን አለች፤ በየሳምንቱ፣ በየወሩ፣
ረጅሟ፣ ሸውራራዋ… እያለ፣ እያለ መስመሩ።

አክስቴም በተራዋ፣ በዘጠና ስድስት ዓመቷ።
ባልደረባዬ ጻፈላት። ለዘመድ አልጽፍም፣ ሕግ ነው።
የወንድሟ ልጆች ገንዘብ አዋጥተን፣ ከገደሉ አፋፍ፣
አግዳሚ ወንበር አቆምንላት፣ የናስ ጽሑፍ ያለው ከጫፍ፦
«ሚልድረድ ታፕሰል። ይህን እይታ ትወድ ነበር።»

ውሸት ነው።
ነፋሱን ስትረግም ነው የኖረች። እዚያ የምትቆመው
ባሕሩን ጀርባ ሰጥታ፣ አውቶቡስ ሲዘገይባት ነው።
ስሟንም አትወደውም። «ሚሊ» ካላሏት አትዞርም።
ግን ናስ ላይ እንዲህ ያለ እውነት ማንም አያስቀርጽም።

ባለፈው ማክሰኞ ጃስፐርና ታምሲን፣ ከለንደን የመጡ ዳቦ ጋጋሪዎች፣
ሕፃን በደረታቸው አስረው፣ አሸዋ ይዘው በጫማዎች፣
ገቡ፣ ተቀመጡ።
«ስም?» አልኩ።
«ሚልድረድ።»
ብዕሬ ቆመ በአየር።
«ከገደሉ ወንበር ላይ አነበብነው። እይታውን ትወድ ነበር።
እንዴት ያለች ሴት ነበረች ይሆን? የዋህ፣ ዝምተኛ፣
ባሕር ባሕሩን እያየች የምትውል… መሰለን እኛ።»

አፌ ድረስ መጣ፤ ነፋሱ፣ አውቶቡሱ፣ የመዳፏ ቅላት።
ሕፃኗ ግን ጮኸች፣ መስኮቱ እስኪነዝር፣ ያለ ምክንያት፣
ያለ ይሉኝታ፤ ቤቱን አናጋችው፣
«ብርቱ» የሚለውን ግማሽ ያን ጊዜ ሰማሁት፣ የዋሁን ተዉት ገና ነው።

«ፊደሉን ንገሩኝ» አልኩ፣ እንደማላውቅ ሆኜ።
አንድ በአንድ ነገሩኝ። አንድ በአንድ ጻፍኩ ጎንበስ ብዬ።
ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት፣
ቀስ ብዬ፤
አክስቴ ነፋስ አትወድም ነበር።