ይራመዳል

ቀን ቀን ጎማ ስትነፋ፥ ቀን ቀን ጎማ ስትለጥፍ፥
የስዋንዚ ዝናብ የሱቋን ቆርቆሮ ሲገርፍ፤
ማታ በሩን ዘግታ፥ እጇ ግራሶ እንደጠጣ፥
ዴሊዝ ለተደባዳቢ ሮቦቷ
እግር ትሠራለች፥ ተነሥቶ እስኪመጣ።

«ጎማ ሞልቶሽ የለ!» አላት ኤምሪስ ጎረቤቷ።
ዝም አለች፤ ብሎን ነበረ በአንደበቷ።

ሕጉን ታውቀዋለች፦ ለሚንከባለል አንድ ተኩል ኪሎ፥
ለሚራመድ ሦስት፥ እግሩን ከምድር አላቅቆ፥ አንሥቶ፥ ጥሎ።
ለሚንፏቀቅ ግን ምንም ጭማሪ የለ።

ሦስት ክረምት ፈጀባት።
የመጀመሪያው ገና ሲነሣ ተንቀጥቅጦ ወደቀ፤
የሁለተኛው ኩሽኔታ ደጃፍ ሳይደርስ አለቀ፤
ሦስተኛው ሞርሳ ላይ ታስሮ በአየር ላይ ሮጠ፤
ወለል ሲነካ፥ እንደ ምልምል ወታደር ባለበት ረገጠ።
አራተኛው እስከ ግድግዳው ሄደ።
ግድግዳውንም ገፋ።

ካርዲፍ ላይ ዳኛው ተንበረከከ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ
የሻይ ደረሰኝ ሰደደ በየእግሩ ሥር፥ ብድግ ሲል ጠብቆ፥ ቀስ ብሎ።
አንዱ አለፈ። ሁለቱ። አምስተኛው ላይ ወረቀቱ ተያዘ፤
የዴሊዝም ትንፋሽ አብሮ ተያዘ።
ለቀቀው።
«ይራመዳል።»

ግጥሚያው አንድ ደቂቃ አልሞላም። የሚሽከረከረው ምላጭ
ሁለት እግር ከጭኑ ቆርጦ መስተዋቱ ላይ ወረወረ፤
እሱ ግን በተረፉት አራቱ እያነከሰ ዞረ፥
ወደ ምላጩ ሄደ፥
እንደገና ሄደ፥ ባትሪው እስኪጨስ።

በማግሥቱ ኤምሪስ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ።
«ተሸነፍሽ አሉ?»
«ተራመደ» አለች፥
ፓምፑን በእግሯ እየረገጠች።