ከመቶ አንድ

ጦሳ ዛሬም የለም፤ ሌሊት ጉም ውጦታል።
የኮምቦልቻው ሚኒባስ ሀረጎን በመብራት ወጥቶታል።
ጦይባ እንድሪስ ወርዳ፣ ሻሿን ጠምጥማ፣
አልጋ ቁጥር ሰባት ላይ ተቀምጣለች ቀድማ።
የዛሬው አራተኛ ነው። እጇን ለነርሷ ትሰጣለች፣
«እዚች ጋ» ትላለች፣ «ያችኛዋ ሸሽታለች።»

መድኃኒቱን የምቀምመው እኔ ነኝ።
ከዛፍ ልጣጭ የወጣ ነው፤ ውሃ አይወድም፣
ብትበጠብጠው አይሟሟም፣ ብትለምነው አይዋሐድም፤
እንደ ተጣላ ዘመድ
ግርጌ ይቀመጣል እንጂ ከውሃ ጋር አይሄድም።
በጉሎ ዘይት ነው የምናባብለው።
ዘይቱም የራሱ ዕዳ አለው፦
ባለፈው ወር፣ አሥረኛዋ ጠብታ ላይ፣
ፊቷ በርበሬ መሰለ፣ ትንፋሿ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ።
«ንቀሉት!» ብዬ ጮህኩ።
በኋላ ሲለቃት፣
«ጉሎ ነው ያልከኝ? ያጥራችን ጉሎ?
ቆዳ ስናለፋበት የኖርነው
ዛሬ እኔን ሊያለፋኝ ነው በለኛ!»

ስለዚህ ዛሬ ወሬ ይዤላት መጣሁ።
«ቅዳሜ ቅዳሜ ላቦራቶሪ እገባለሁ።
ፖሊመር የሚሉት ረጅም ክር አለ፤
አንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ አንድ ጫፉ ውሃ ይፈራል።
ውሃ ውስጥ ሲገባ ብዙው ክር ይሰበሰባል፤
ፈሪዎቹ ጫፎች ወደ ውስጥ ሸሽተው ይተቃቀፋሉ፣
ደፋሮቹ በር ላይ ይቆማሉ።
መድኃኒቱም ፈሪ ነውና ከፈሪዎቹ መሐል ይገባል።
ደቃቃ ነው፤ አንዲት ጸጉርዎን
ለሺህ ቢሰነጥቋት፣ ያንዷን ስንጣሪ ያህላል።»

«የትኛዋን ጸጉሬን?» አለች፣ ሻሿን ነካ አድርጋ።

ምላሴ ታሰረ።
«አብሽር» አለችኝ፣ «ቀጥል።»

«ጉበት ኬላ ነው፣ ጣፊያም ኬላ ነው፤
እንግዳ ዕቃ ሲያልፍ ያስቆማሉ።
የውጩ ጫፍ ግን እንደ ካባ ይሸፍነዋል፣ ውሃ ይመስላቸዋል፤
ዕጢው ዘንድ ሲደርስ አጥሩ ሽንቁር ነው፣ ሾልኮ...»

«ቆይ!» አለች። «ቆይ እንግዲያ!
ይኼ እኮ ኮንትሮባንድ ነው!
ሃያ ሁለት ዓመት፣ ከባቲ ኮምቦልቻ፣
ሺፎን ሆዴ ላይ ጠምጥሜ፣ ከላይ ሰፊ ቀሚስ፣
እርጉዝ መስዬ ያለፍኩ ሴት ነኝ።
ፈታሾቹ ‹ስንት ወርሽ ነው?› ሲሉኝ
‹ዘጠኝ› እል ነበር፣ ዓመቱን ሙሉ።»

ነርሷ ሳቀች። አልጋ ስምንት ሳቀ።
የጦይባ ሳቅ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ ቆይቶ ተመለሰ።
ከዚያ፣ ነጋዴ ናትና፣ የነጋዴ ጥያቄ፦
«ከመቶ ስንቱ ይደርሳል?»

ልዋሽ ነበር።
«አንድ» አልኩ። «አንዳንዴ አንድም አይሞላ።»
«የቀረውስ?»
«ኬላ ይበላዋል።»

«በኔ ጊዜ ስልሳው ይገባ ነበር፤
ያም ሆኖ ከሰርኩ።» ጣቶቿን ቆጠረች።
«ያችን አንዷንስ አስገብታችኋል?»
«አይጥ ላይ።»
«አይጧ ደህና ናት?»
«ደህና ነበረች።»

ቅዳሜ ማታ፣ መብራት ሳይሄድ በፊት፣
ብልቃጧን በባትሪ አየኋት ፊት ለፊት።
ንጹሕ ውሃ ትመስላለች፤ ጨረር ሲያልፍባት ግን
ሰማያዊ ጭጋግ፣
የሀረጎን ጉም የመኪና መብራት ሲወጋው እንዳለው፤
አይዘንብ፣ አይዘቅጥ፣ አይጠራ፣
ፈሪው ከውሃው ጋር ሲያድር፣ ሳይጣላ፣ በጋራ።
ይህን አልነገርኳትም። ብልቃጧ እዚያው ናት፣
እዚህ የተሰቀለው የጉሎው ከረጢት ነው።

ነርሷ ጎማውን ለቀቀች።
አንድ። ሁለት።
እኛ የጦይባን ፊት እናያለን፣
እሷ መስኮቱን፤ ጦሳ አንድ ትከሻውን አውጥቷል።
ዘጠኝ።
አሥር።
ክፍሉ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ።

«አሥራ አንድ» አለች ጦይባ።
«ንዳው እንግዲህ።»